ከቸርች ሂል ዋሻ ያልወጡት ሁለት ሰዎች፦ ለአስፈሪ ታሪክ ተራኪዎቻችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ሌሊት ሌሊት በአማርኛ አስፈሪ ታሪክ ለምትተርኩልን ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ከሁሉ በፊት ደንበኛችሁ መሆኔን ልንገራችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሥራዬ የሌሊት ነው፤ መሪ ጨብጬ ነው የማድረው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንቅልፍ ሲጫጫነኝ የእናንተን ድምፅ እከፍታለሁ። በሩ ሲንቋቋ፣ ውሻው ሲያላዝን፣ እኔም የኋላ መስታወቴን ሰረቅ አድርጌ አያለሁ። ትልቅ ሰው ነኝ። ግን አያለሁ። ስለዚህ "ምን ተረት ታወሩብናላችሁ" ልላችሁ አይደለም የተነሳሁት። እናንተ ባትኖሩ ስንት ሌሊት መንገድ ዳር አቁሜ በተኛሁ።

ነገሬ ስለ አንዱ ታሪካችሁ ብቻ ነው። ስለ ሪችመንዱ ቫምፓየር፣ ስለ ደም መጣጩ።

የሰማሁት ዕለት ራሱ የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ ነበርኩ። ሰው አውርጄ፣ ቸርች ሂል ከሚባለው ኮረብታ ግርጌ ቆሜ ቀጣዩን ጥሪ እጠብቃለሁ። ተራኪው ቀጠለ። በ1925 የባቡር ዋሻ ተደረመሰ። አዳኞች ሲደርሱ አንድ አውሬ አስከሬን ላይ ተደፍቶ አገኙት። ጥርሱ የሾለ፣ አፉ ደም የለበሰ፣ ቆዳው ከገላው ላይ የተንጠለጠለ። አውሬው ሮጠ፤ ተከተሉት። ሆሊውድ የሚባል የመቃብር ቦታ ገባና ደብሊው ደብሊው ፑል የሚል ስም ከተቀረጸበት መቃብር ውስጥ ተሰወረ። ሙዚቃ። ጨለማ። ከዚያ "ላይክ ማድረግ እንዳትረሱ"።

ጥሩ ተተርኳል፤ አልዋሽም። ጸጉሬ ቆሟል።

በማግስቱ በቀን ተመልሼ የዋሻውን የምዕራብ አፍ አየሁት። ከ18ኛው ጎዳና አለፍ ብሎ ነው። በኮንክሪት ተደፍኗል። ቁጥቋጦ፣ እርጥብ መሬት፣ ግራጫ ግድግዳ። ሳላውቅ ባልፍ የአሮጌ መጋዘን ጀርባ ነው ብዬ ነበር የማልፈው። ግን ከግድግዳው ወዲያ ባቡር አለ። ቁጥር 231 የሚባል በእንፋሎት የሚሠራ ሎኮሞቲቭ ከነአሥር ፉርጎው። ሁለት ሰዎችም አሉ።

እናንተ ባቡሩን አነሳችሁ። አውሬውን አነሳችሁ። ሁለቱን ሰዎች አላነሳችሁም። ደብዳቤው የተጻፈው ለዚህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ኮረብታው ስሙን ያገኘው አናቱ ላይ ካለው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአሜሪካ የነጻነት ታጋይ ፓትሪክ ሄንሪ በ1775 "ወይ ነጻነት ወይ ሞት" ያለበት ቤተ ክርስቲያን እሱ ነው። ከሥሩ ዋሻ ያስቆፈረው ደግሞ ቼሳፒክና ኦሃዮ የሚባለው የምድር ባቡር ኩባንያ ነው። ሐዲዱን ወደ ጄምስ ወንዝ ወደብ ለማድረስ ኮረብታውን ከመዞር መብሳት መረጠ። ዋሻው በ1873 መጨረሻ ተከፈተ። ርዝመቱ 1,200 ሜትር ገደማ ነው።

ችግሩ አፈሩ ነበር። ዓለት ቢሆን ኖሮ ተበስቶም ራሱን ይሸከማል። የቸርች ሂል ሆድ ግን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭቃ ነው። ጠባዩ ከእኛ ዋልካ ጋር ይቀራረባል። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ዋልካ ላይ ቤት የሠራ ሰው ግድግዳው በየክረምቱ ለምን እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። እነዚህ ደግሞ ላዩ ላይ ሳይሆን ውስጡ ገብተው ነው የሠሩት። ገና ሲቆፈር ደጋግሞ ተደረመሰ። አሥር ያህል ሠራተኛ ሞተበት። ዋሻው ደም የለመደው ቫምፓየር ከመምጣቱ ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው ማለት ነው። ይህቺን ለመግቢያ ብትጠቀሙባት አልከፋም።

በ1901 ኩባንያው በወንዙ ዳርቻ ከፍ ባለ ድልድይ ላይ የሚያልፍ ሌላ ሐዲድ ሠራ። ዋሻው ሥራ ፈታ። ከሃያ ዓመት በላይ ውኃ እየተንጠባጠበበት ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። በ1925 የባቡሩ ብዛት ሐዲዱን ሲያጣብበው "ያን አሮጌ ዋሻ ለምን አናድሰውም" ተባለ። ሠራተኛ ገባ፣ ማስፋትም ተጀመረ።

አደጋው የደረሰው ኦክቶበር 2 ቀን 1925 ከሰዓት በኋላ ነው። ዓርብ ነበር። በእኛ መስከረም 22 ቀን 1918፣ መስቀል በዋለ በአምስተኛው ቀን። የሥራ ባቡሩ ውስጥ ነበር፤ አፈሩን የሚያወጣው እሱ ነው። ከምዕራቡ አፍ ብዙም ሳይርቅ ጣሪያው ለቀቀ። መብራት ጠፋ። አፈሩ በሎኮሞቲቩ ላይ ወረደ። ከሞት ያመለጡት አብዛኞቹ ያመለጡት ከፉርጎዎቹ ሥር በሆዳቸው እየተሳቡ፣ ከዚያም በጨለማ ወደ ምሥራቁ አፍ እየሮጡ ነው።

የባቡሩ ነጂ ቶማስ ሜሰን ከመቀመጫው አልተነሳም። አፈሩ እዚያው አጣብቆ ያዘው። ቆፋሪዎቹ አስከሬኑ ጋ ለመድረስ ከሳምንት በላይ ፈጅቶባቸዋል። አንድ አካፋ ባወጡ ቁጥር ሌላ አፈር ከላይ ይወርድ ነበርና።

ከሱ ጎን የነበረው እሳት አንዳጁ ነው። ስሙ ቤንጃሚን ሞዝቢ። ዕድሜው 28። ቦይለሩ ሲፈነዳ የሚፈላው እንፋሎት በገላው ላይ ሄደ። ቢሆንም ከፍርስራሹ ሥር ተስቦ በራሱ ኃይል ወጣ።

አሁን የተረካችሁትን አውሬ አምጡትና ከዚህ ሰው ጎን አቁሙት። ቆዳው ከገላው ላይ የተንጠለጠለው ስለተቀቀለ ነው። ጥርሱ የሾለው ስለተሰበረ ነው። ደሙ የራሱ ደም ነው። ወደ መቃብር ቦታም አልሮጠም። ግሬስ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ሞተ። አውሬ ያላችሁት ሰው እሱ ነው። ይህን ግጥሚያ ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ አፈ ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ቀድመውኝ ብለውታል። በአማርኛ ሲባል አለመስማቴ ነው የቆጨኝ።

ቫምፓየሩስ ከየት መጣ? እሱም የራሱ ታሪክ አለው፤ ደግሞ ያስቃል። ደብሊው ደብሊው ፑል የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ዕድሜውን መዝገብ ሲያመሳክር የኖረ ሰው ነው። በ1922 ዐረፈ፤ ዋሻው ከመደርመሱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ። መቃብሩ ኮረብታ ሆድ ውስጥ የገባ የድንጋይ ቤት ነው። በሩ ላይ 1913 የሚል ዓመትና የሱ ስም አለ። የቤቱ አሠራር ጥንታዊ የግብፅ መልክ አለው። ሁለቱ የእንግሊዝኛ "ደብሊው" ፊደሎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ደግሞ ክራንቻ ይመስላሉ። የመቃብሩ ቦታ አጠገብ ዩኒቨርሲቲ አለ። ተማሪ፣ ሌሊት፣ መቃብር፣ ክራንቻ የሚመስል ፊደል። ሌላ ምን ቀረ? በ1960ዎቹ "ፑል ቫምፓየር ነው" የሚለው ወሬ በአፍ ይዞር ነበር። በ1976 የተማሪዎቹ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ምስኪን ፑል! ደብተሩን አንድ ቀን ሳያወራርድ ያላደረ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ስሙ በደብሊው ስለጀመረ ደም መጣጭ ሆኖ ቀረ።

ልብ አድርጉልኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዋሻው ተረቱ ውስጥ የለም። የፑል ቫምፓየርና የቸርች ሂል ዋሻ የተጋቡት ገና 2001 አካባቢ ነው። ያዛመታቸውም ኢንተርኔት ነው። አደጋው ከደረሰ ከሰባ አምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። እናንተ "ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ" ያላችሁት አፈ ታሪክ ዕድሜው ከብዙ አድማጮቻችሁ ያንሳል።

ዋሻ ተረት ይጠራል፤ ይገባኛል። መግቢያ ኖሮት መውጫው የማይታይ ነገር ሁሉ እንደዚያ ነው። ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ከአትላንቲክ አቬኑ ሥር በ1844 የተሠራ የባቡር ዋሻ አለ። በ1861 ተደፈነ፤ ቦታው ሳይቀር ተረሳ። ከዚያ የባሕር ወንበዴ ገባበት፣ የአረቄ ነጋዴ ገባበት፣ የተቀበረ ሎኮሞቲቭ አለበት፣ ያልተባለ የለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቦብ ዳይመንድ የሚባል ወጣት በመንገድ መክፈቻ ጉድጓድ ወርዶ፣ አፈር ቆፍሮ አገኘው። ዋሻው ባዶ ነው። ሰው ግን ሎኮሞቲቩ ከግድግዳው ወዲያ አለ ማለቱን አልተወም። ብሩክሊኖች የሌለውን ባቡር ሲፈልጉ ኖሩ። ሪችመንድ ላይ ደግሞ እውነተኛ ባቡር ከነሰዉ ተቀብሮ ሳለ፣ እኛ የሌለ አውሬ እናሳድዳለን።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰዎች።

ሪቻርድ ሉዊስ። ኤች. ስሚዝ። የቀን ሠራተኞች ነበሩ፣ ጥቁር አሜሪካውያን። ቨርጂኒያ በዚያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ በሕግ የሚለያዩባት አገር ናት፤ በትምህርት ቤት፣ በባቡር ወንበር፣ በመቃብር ቦታ ሳይቀር። የነጂው አስከሬን ወጣ። እሳት አንዳጁ ሐኪም ቤት ደረሰ። ሁለቱ አልተገኙም። በ1926 ኩባንያው ዋሻውን በአሸዋ ሞልቶ ሁለቱን አፍ በኮንክሪት ደፈነው። ባቡሩም እነሱም እዚያው ቀሩ። አሁንም አሉ።

የአንዱን የራስ ስም እንኳ ልብ በሉ። "ኤች" ብቻ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የፑል መቃብር ቤት ምን እንደሚመስል፣ በሩ ላይ ምን እንደተጻፈ ሁሉም ያውቃል። አፈር የበላው ሰው በአንድ ፊደል ነው የሚጠራው።

አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው ለቅሶ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ሰፈራችን ውስጥ ልጃቸው ባሕር ላይ የቀረባቸው እናት ነበሩ። መርዶ ተነገራቸው፣ ድንኳን ተጣለ፣ ሰው አለቀሰ። እሳቸው ግን ከዚያም በኋላ ማታ ማታ የግቢውን በር መቀርቀሪያ አያስገቡም ነበር። ማንም ለምን አላላቸውም። አንድ ቀን አንዱ የሰፈር ጎረምሳ "ሌሊት በሩ ብቻውን ሲከፈት አይቻለሁ፣ መንፈሱ ነው" ብሎ አወራ። አባቴ ጠርተው ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ነው።

ቫምፓየሩን ስሰማ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። የሉዊስ ቤት ሰዎችም በር ሳይዘጉ ያደሩ ይሆናል።

በ2006 የቨርጂኒያ የታሪክ ማኅበር ሰዎች ከላይ መሬቱን በስተው ካሜራ ወደ ዋሻው አስገብተው ነበር። ሎኮሞቲቩን የማውጣት ሐሳብም ነበር። ካሜራው ያገኘው ውኃና ደለል ነው። ነገሩ እዚያው ቀረ። ስለዚህ "ገብተን እንየው" የሚል ሁሉ የሚያየው ነገር የለም። ይህን የምለው አንዳንድ ወጣቶች የእናንተን ታሪክ ሰምተው "ሌሊት ሄደን እንቅረጽ" ስለሚሉ ነው። የተደፈነ የባቡር ዋሻ ጨዋታ አይደለም። ጣሪያው ከመቶ ዓመት በላይ የጠጣው ውኃ አለ፤ አፈሩም ያው የቀድሞው አፈር ነው። የታፈነ ቦታ አየሩ ራሱ ይገድላል፤ መጥፎ አየር ደግሞ ጥርስ አያሳይም፣ ድምፅም አያሰማም። እባካችሁ እሷን አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩልን።

"ታዲያ ምን አድርጉ ነው የምትለን?" ትሉኝ ይሆናል። ታሪኩን ጣሉት አልልም። እንዲያውም በደንብ አስፈሩበት። ግን አውሬውን አውጡትና ሞክሩት። እስቲ እኔ ልጀምርላችሁ፦

ከሰዓት በኋላ ነው። ጨለማ ዋሻ ውስጥ ናችሁ። ከላይ አንድ ጡብ ወደቀ። ቀና አላችሁ። ሌላ ወደቀ። መብራቱ ጠፋ። ከኋላችሁ አንድ ኮረብታ ከነቤቱ፣ ከነዛፉ ሲቀመጥ ትሰማላችሁ። መሮጥ አትችሉም፤ ባቡሩ መንገዱን ሞልቶታል። ያላችሁ ክፍተት ከፉርጎውና ከሐዲዱ መካከል ያለችው ናት። በደረታችሁ ትገባላችሁ። ከፊታችሁ ያለው ሰው ጫማ ፊታችሁን ይመታዋል። ከኋላችሁ የሚመጣው ሰው እጅ ቁርጭምጭሚታችሁን ይነካል። ትሳባላችሁ። ትሳባላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ከኋላ የሚነካችሁ እጅ ይቀራል።

ይኼ የኔ ፈጠራ ነው፤ ማን ከማን ኋላ እንደነበረ የተጻፈ ነገር አላየሁም። ግን ከፉርጎ ሥር መሳባቸው እውነት ነው። ቫምፓየር ምን ይጨምርለታል? እኔ እንደ አድማጭ ከናንተ ቫምፓየር ይልቅ ያ የቀረው እጅ ነው የሚያስፈራኝ።

ሞዝቢንም አውሬ አትበሉት። ስሙን ጥሩት። ገላው ተቀቅሎ በራሱ ጉልበት ከተራራ ሥር የወጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሌላ ታሪክ ውስጥ ቢሆን ጀግና ነበር የምትሉት። ፑልን ደግሞ ከፈለጋችሁ ለብቻው ተርኩት፤ እሱ እንኳ ቢሰማ የሚስቅ ይመስለኛል።

አንድ ወሬ ደግሞ አለ። ከሁለቱ በላይ ሰው ዋሻው ውስጥ ቀርቷል ይባላል። የቀን ሠራተኛ ስለነበሩ ስማቸው በቅጡ ያልተመዘገበ ሰዎች ነበሩ የሚል ነው። ይህን ስትናገሩ "ይባላል" በሉ። ቁጥር አትጨምሩበት። አንዱ ተራኪ ሃያ ሲል ሌላው ሃምሳ አለ፤ በሦስተኛው ቪዲዮ መቶ ሳይገባ አይቀርም። የሌለ ሬሳ መቁጠር ያለውን ሰው ያስረሳል። የታወቁት አራት ናቸው፦ ሜሰን፣ ሞዝቢ፣ ሉዊስ፣ ስሚዝ።

በ2025 መቶ ዓመት ሞልቷቸዋል። የሪችመንድ ሰዎች ታሪኩን ያውቁታል፤ ስለሱ ጽፈዋል፣ ተከራክረዋል። በአማርኛ ግን ፍለጋ ስገባ ያገኘሁት አውሬውን ብቻ ነው። እዚህ አካባቢ አማርኛ የሚናገር ሰው ብዙ ነው። ልጆቻችን እዚሁ ነው የሚያድጉት። በዚያ ኮረብታ ሥር ሲያልፉ አባታቸው ከእናንተ የሰማውን ነው የሚነግራቸው። እኔም የመጀመሪያ ልጄን ይዤ ያለፍኩ ቀን "እዚህ ውስጥ ቫምፓየር አለ አሉ" ብያታለሁ። ስምንት ዓመቷ ነው። "ማንን በላ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን አለኝ። እናንተ ደግሞ ከኔ የተሻለ ድምፅ አላችሁ፣ ከኔ የሚበልጥ ሰው ይሰማችኋል። ታሪኩን እንደገና ሥሩት። አርእስቱ ላይ ቫምፓየር የሚለውን ለጠቅታ ብላችሁ ብትተዉት እንኳ አልቀየማችሁም፤ እንጀራ ነው፣ ይገባኛል። መጀመሪያ ላይ ግን ሁለቱን ስም በሉልኝ። ሪቻርድ ሉዊስ። ኤች. ስሚዝ። ስሚዝ ጋ ስትደርሱ ሙዚቃውን ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ ፊደሏ እንዳትዋጥ።

ዓርብ ሌሊት ሥራ ላይ ነኝ። እሰማችኋለሁ።

አክባሪ አድማጫችሁ፣
ከቨርጂኒያ